ቢዝነስና ኮሜርስ ሲያጠኑ ማርክ የሚያስጥሉ ስህተቶች

በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስና ቢዝነስ የሚማር ተማሪ ብዙ ጊዜ ማርክ የሚጥለው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም፤ እንደ ሽምደዳ ትምህርት ስለሚይዘው ነው። የቃላት ፍቺ ጥቂት ማርክ ያስገኛል። ትልቁ ማርክ ያለው ሠርቶ ማሳየቱ ላይ ነው።

ደቢትን «ቅናሽ»፣ ክሬዲትን «ጭማሪ» ብሎ መያዝ

ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው፤ እዚህ የተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ይሳሳታል። ደቢት የሂሳቡ ግራ ጎን፣ ክሬዲት ቀኝ ጎን ነው፤ በቃ። መጨመርና መቀነስ የሚወሰነው በሂሳቡ ዓይነት ነው፦ ሀብትና ወጪ በደቢት ይጨምራሉ፣ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ደግሞ በክሬዲት።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የባንክ መልእክት ነው። ገንዘብ ሲገባላችሁ ባንኩ «ክሬዲት ተደርጓል» ይላል። የሚናገረው ግን ከራሱ መዝገብ ነው፤ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ነው። በእናንተ መዝገብ ያው ገንዘብ ሀብት ስለሆነ ደቢት ይሆናል።

ጆርናል (ግብይት መጀመሪያ የሚመዘገብበት መዝገብ) ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኞቹ ሂሳቦች ተነኩ? ዓይነታቸው ምንድን ነው? ጨመሩ ወይስ ቀነሱ? ለምሳሌ ለቢሮ የሚሆን ኮምፒውተር በ6,000 በዱቤ ተገዛ እንበል። የቢሮ ዕቃ ጨምሯል፣ ደቢት 6,000። ተከፋይ ሂሳብም (ለሻጩ ያለብን ዕዳ) ጨምሯል፣ ክሬዲት 6,000። ጥሬ ገንዘብ አልተነካም፤ ተማሪው ግን «ተገዛ» የሚለውን ቃል እንዳየ እጁ ወደ ካሽ ይሄዳል።

ትራያል ባላንሱ ስለገጠመ ሥራው ትክክል ነው ብሎ መተው

ትራያል ባላንስ የሁሉም ሂሳቦች የደቢትና የክሬዲት ቀሪ የሚደመርበት ዝርዝር ነው። ሁለቱ ድምሮች እኩል መሆናቸው የሚያረጋግጠው ደቢትና ክሬዲት መመጣጠናቸውን ብቻ ነው። ጨርሶ ያልተመዘገበ ግብይት፣ በሁለቱም ጎን በተሳሳተ መጠን የገባ ቁጥር፣ የደንበኛ «ሀ» ሆኖ ወደ ደንበኛ «ለ» የተላለፈ ሂሳብ፣ እነዚህ ሁሉ ተደብቀው ያልፋሉ።

ካልገጠመስ? ሁሉንም ከመጀመሪያው አትደምሩ፤ መጀመሪያ ልዩነቱን ተመልከቱ። ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ 5,400ን 4,500 ብሎ መጻፍ የ900 ልዩነት ያመጣል። ልዩነቱን ለ2 አካፍላችሁ ያገኛችሁት ቁጥር መዝገቡ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ በተቃራኒው ጎን የተጻፈ ሂሳብ መኖሩን ጠርጥሩ።

ትርፍንና ጥሬ ገንዘብን አንድ ማድረግ

በ50,000 በካሽ የተገዛ ዕቃ በ80,000 በዱቤ ቢሸጥ ትርፉ 30,000 ነው። ካዝናው ግን ገዢው እስኪከፍል ድረስ በ50,000 ጎድሏል። «ትርፋማ የሆነ ድርጅት ለምን ሊከስም ይችላል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ማመጣጠኛ ነጥብን በመሸጫ ዋጋ ማስላት

ማመጣጠኛ ነጥብ (ብሬክ ኢቨን) ገቢና ወጪ እኩል የሚሆኑበት የሽያጭ መጠን ነው። ቋሚ ወጪ 12,000፣ የአንዱ ዕቃ መሸጫ 50፣ ተለዋዋጭ ወጪው 30 ቢሆን፣ ችኩሉ ተማሪ 12,000ን ለ50 አካፍሎ 240 ይላል። በ240 ዕቃ 12,000 ይገባል እንጂ 7,200 ተለዋዋጭ ወጪ ስላለ ኪሳራው ልክ 7,200 ነው። ማካፈል ያለበት በመሸጫውና በተለዋዋጭ ወጪው መካከል ላለው ልዩነት፣ ማለትም ለ20 ነው፤ መልሱ 600 ዕቃ ይሆናል።

እግረ መንገዳችሁን የትርፍ መቶኛንም ለዩ። በ80 ተገዝቶ በ100 የተሸጠ ዕቃ ትርፉ ከግዢ ዋጋው አንጻር 25%፣ ከመሸጫው አንጻር 20% ነው። ጥያቄው ከየትኛው አንጻር እንደሚፈልግ ሳያነቡ ማስላት በከንቱ ማርክ መጣል ነው።

በኢኮኖሚክስ ኩርባውን ያለቦታው ማንቀሳቀስ

የዕቃው የራሱ ዋጋ ሲለወጥ የፍላጎት ኩርባው (ዲማንድ ከርቭ) ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው ኩርባው ላይ ያለንበት ነጥብ ነው። ኩርባው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚሸሸው ገቢ፣ ምርጫ ወይም የተተኪ ዕቃ ዋጋ ሲለወጥ ነው። ሥዕሉ ላይ አክሲሶቹን ሳይሰይሙ ማለፍም የተለመደ ጥፋት ነው።

ለየትኛውም ድርጅት የሚሆን መልስ መጻፍ

በኬዝ ጥያቄ (የአንድ ድርጅት ሁኔታ ቀርቦ በሚጠየቅ ጥያቄ) «ማስታወቂያ ቢሠራ ሽያጭ ይጨምራል» ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም። የቀረበው ድርጅት ካሽ ያጠረው ከሆነ ማስታወቂያው በምን ይከፈላል? መልሱ ከተሰጠው ቁጥር ጋር ይያያዝ። «ዘርዝር» ሲባል ነጥቦቹ ብቻ ይበቃሉ፤ «ገምግም» ሲባል ግን ሁለቱን ወገን አመዛዝኖ ውሳኔ መስጠት ግድ ነው።

የተሠራ መልስ እያነበቡ «ገባኝ» ማለት

መልሱን ሸፍናችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ከጆርናል እስከ ባላንስ ሺት (የሀብት፣ የዕዳና የካፒታል መግለጫ) ድረስ በሰዓት ሥሩት። ስትሳሳቱ መልሱን ከመገልበጥ ይልቅ የተሳሳታችሁበትን መስመርና ምክንያቱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ሞክሩት።