አውራ በግ ስታስቀሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ለልጁ ጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፣ በረቱ ውስጥ አውራው የገዛ ልጁን ሲሰርር ዝም ብሎ ያያል። በድሬዳዋና በሐረር ገጠሮች በግ ሳክም እንደዚህ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

አንዱን አውራ ዓመት ከዓመት ማቆየት የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። በግ አምስት ወር አርግዛ ትወልዳለች፤ ሴቷ ግልገል ደግሞ ዓመት ገደማ ሲሞላት ለአውራ ትደርሳለች። አውራው በመንጋው ውስጥ ሁለት ዓመት ካለፈው የሚሰርረው ልጆቹን ነው። ከአባትና ከልጅ የሚወለደው ግልገል የዝምድና መጠኑ (ከአባቱና ከእናቱ የወረሰው ዘር አንድ ዓይነት የመሆን ዕድሉ) 25 በመቶ፣ በአባት ብቻ ከሚገናኙ ወንድምና እህት የሚወለደው ደግሞ 12.5 በመቶ ይሆናል። ግልገሉ ከስቶ ይወለዳል፣ ለመጥባት ይለግማል፣ በሽታ ሲገባ ቀድሞ ይሞታል። እናቶቹም ባዶ መክረም ያበዛሉ። ባለቤቱ "ዓይን በላብኝ" ይላል። አቦ! ዓይን አይደለም፣ አውራው ነው።

"እናቶቹ ብዙ ናቸውኮ" የሚለኝ አይጠፋም። አንድ አውራና 20 እናት ያለው መንጋ በዘር ስብጥሩ ሲሰላ (ማለትም ስንት ዘመድ ያልሆኑ በጎች ያህል ይቆጠራል ቢባል) አራት በግ እንኳ አይሞላም፤ 3.8 ነው። እናቶቹን 40 ብታደርሷቸው 3.9 ይሆናል። በ20ዎቹ ላይ ሌላ ዘመድ ያልሆነ አውራ ብትጨምሩ ግን ከ7 ያልፋል። የእያንዳንዱ ግልገል ግማሽ ከአባቱ ነዋ!

ለዓረፋና ለፋሲካ ፈጥኖ የደለበውን ወንድ ሸጣችሁ፣ ገበያ የናቀውን ቀጫጫ አባት አታድርጉት። ምርጡን በጊዜ ለዩ። የቀሩትን አምስት ወር ሳይሞላቸው አኮላሹ፤ አለዚያ እናታቸውን ይሰርራሉ።

አውራ መለዋወጥ ጥሩ ነው፣ ግን ጠይቁ። እኔ ራሴ ከጎረቤት ጋር ጫት ላይ ተስማምቼ አውራ ተለዋወጥኩ። ለካ የእሱ አውራ ቀደም ሲል እርጉዝ አድርጌ ከሸጥኩለት በግ የተወለደ፣ የእኔው አውራ ልጅ ኖሯል! ወንድምን ለእህቶቹ ነው ያመጣሁት።

"ዶርፐር (የውጭ የሥጋ በግ ዝርያ) ካልገባ" ለምትሉም፦ ደቡብ አፍሪካ በ1930ዎቹ ዶርፐርን ያዳቀለችው በእኛው ምሥራቅ የሚረባው የሶማሌ ጥቁር ራስ በግ ዘር ካለበት በግ ነው። መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ጠብቁ።

መዝገብ ለሌላችሁ፣ የአንድ አውራ ልጆችን በአንድ ቀለም ክር እሰሩ፤ ዘንድሮ ቀይ፣ ከርሞ ሰማያዊ። "ክሩን ፍየል ይበላዋል" ያለኝ ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ የጆሮ ምልክት ይሻላል።