በጎንደር ሰፈሮች የተተከለ ችግኝ እንዲጸድቅ

የሰፈር ችግኝ ተካይ ማኅበር በሐምሌ ስንት እንደተከለ ቢናገርም ሥራው የሚታየው በግንቦት ነው። ጎንደር ላይ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም በጋ ተሻግሮ የተገኘ ችግኝ ነው ጸደቀ የሚባለው።

ጉድጓዱን ከተከላው አንድ ወር ቀድማችሁ ቆፍሩ። ስፋቱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ መንገድ ዳር አፈሩ ስለተረገጠ 60 ይሻላል። የላዩን አፈር ለብቻ ከምሩት፤ ከተብላላ ፍግ ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዋልካ መሬት ከሆነ አንድ ጀሪካን ውኃ አፍስሱበት፤ በማግስቱም ካልሰረገ ማፋሰሻ ቦይ ቅደዱለት፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

ወይራና ጽድ እድገታቸው ዘገምተኛ ቢሆንም በጋውን ይችላሉ። ዋንዛ ጥላው ሰፊ ነው፤ ውኃ ግን ይፈልጋል። ሾላና ዋርካን ከቤትና ከአጥር አርቁ። የዛፍ ሥር ግንብን ምን እንደሚያደርግ በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ ይታያል።

ብዙ ችግኝ የሚጠፋው ላስቲኩ ሲወጣ ነው። ችግኙን በግንዱ ይዛችሁ አትጎትቱ። አፈሩን በመዳፍ ደግፋችሁ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ቅደዱት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። መዋዕለ ችግኝ ውስጥ የቆየ ከሆነ ሥሩ ከታች እንደ ቀለበት ዞሮ ይገኛል። ያንን ቀለበት ከነአፈሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ። ካልተቆረጠ ሥሩ ራሱን እያነቀ ይሄዳል፤ ዛፉ ደህና አድጎ ከዓመታት በኋላ በአንድ ንፋስ ይወድቃል። አንገቱ፣ ማለትም ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበት፣ ከመሬት እኩል ይሁን፤ አፈሩን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት።

ግንዱን ሳይነካ ሣር ጎዝጉዙ። ምስጥ ካለ በሣር ፋንታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩ፤ እርጥበት ይይዛል። ለፍየል የእሾህ አጥር ያስፈልጋል። ከጥቅምት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት 20 ሊትር በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ አጠጡ። አንድ ቤተሰብ ሁለት ወይም ሦስት ችግኝ ይረከብ፤ «የሁላችንም ነው» የተባለውን የሚያጠጣው የለም።

መዝገቡ ላይ ቁጥሩን፣ ዝርያውን፣ ቦታውንና ተረካቢውን ጻፉ። በኅዳርና በግንቦት ቁጠሩ። ቅጠሉ የረገፈውን ወዲያው ሞተ አትበሉ፤ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉ፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ከ200 ችግኝ 130 ካለ የጸደቀው 65 በመቶ ነው። የሞተው ምን እንደገደለውም ይጻፍ፦ ጥም፣ ከብት፣ ሥር ወይስ ግንባታ። አብዛኛውን ከብት ከበላው የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ለአጥር እንጂ ለተጨማሪ ችግኝ አይውልም። በሞተው ምትክ የተተከለው በአዲሱ ዓመት መዝገብ ይግባ፤ ከአምናው ጋር ከተደመረ የአምናው ጥፋት ይሸፈናል።