የኳስ ካርድ የምትሰበስቡ፣ የሚሸጠውንና የሚቀመጠውን ከአሁኑ ለዩ

እዚህ ኮዬ ፈጬ የሰፈር ልጆች የሜሲ ወይ የሮናልዶ ፎቶ የታተመበት ካርድ ያመጡና "ይሄ ስንት ያወጣል?" ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ልትሸጡት ነው ወይስ ልታስቀምጡት ነው፣ ይሄን ሳይለዩ የጀመሩ ናቸው በኋላ የሚወዱትን ሸጠው የማይሸጠውን ታቅፈው የሚቀሩት። ስለዚህ ሁለት የጫማ ካርቶን ይኑራችሁ።

አንዱ የፍቅር ነው። የምትወዱት ተጫዋች፣ የክለባችሁ ሙሉ ቡድን፣ ጥጉ ቢታጠፍም ግድ የለም፣ የተደገመባችሁን ከጓደኛ ጋር ተቀያየሩ፣ ዋጋውን አትዩ በቃ።

ሁለተኛው የሚሸጥ ነው፣ እዚህ ጋ ጨከን በሉ። ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም! በፈረንጆቹ 2022 አንድ የ1952 የሚኪ ማንትል ቤዝቦል ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፣ ግን ያ የሆነው በዛ ንፅህና የተረፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው፣ ለንፅህናው ከ10 ነጥብ 9.5 ነበር ያገኘው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያለ ልክ የታተሙት ደግሞ ዛሬም አብዛኞቹ ምንም አያወጡም። ስለዚህ የምታዩት ስንት እንደታተመ፣ የተጫዋቹ የመጀመሪያ ዓመት ካርድ (ሩኪ የሚሉት) መሆኑን፣ ከዛ ጥጉንና ጠርዙን ነው። እንደ ፒኤስኤ ያሉት ድርጅቶች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል፣ ግን ክፍያውና የመላኪያው ወጪ ስላለ ለርካሽ ካርድ አያዋጣም። ገዢውም በብዛት ውጭ ነው ያለው፣ ዛሬ ቸግሮኛል ብላችሁ ነገ አትሸጡትም፣ እባካችሁ የእቁብና የቤት ኪራይ ብር እዚህ ውስጥ እንዳታስገቡ። ስትሸጡም ተጫዋቹ ስሙ በየቦታው ሲነሳ ሽጡ፣ በኮሮና ጊዜ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ገዝተው ከዛ ሲወርድ የተጎዱ ብዙ ናቸው።

ክረምት ላይ ሁለቱንም ካርቶን ከወለልና ከግድግዳ አርቁ፣ በተለይ ምድር ቤት የምትኖሩ። የሚያብረቀርቁት ካርዶች እርጥበት ሲነካቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ሲላቀቁ ፊታቸው ይላጣል። እያንዳንዱን መጀመሪያ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ከዛ ጠንካራው ውስጥ ክተቱ፣ በላስቲክ አትጠፍሩት፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት እዛው ጨምሯት።

ሌላው ደብተር ነው። የገዛችሁበትን ቀንና ዋጋ በብርም በዶላርም ፃፉ፣ ምክንያቱም ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲተመን ብዙ ሰው ካርዴ እጥፍ ሆነ ብሎ ተደስቷል፣ በዶላር ሲታይ ግን ካርዱ ንቅንቅ አላለም።