ስኳር የዓይን ሬቲናን ሲጎዳ የመርፌ ሕክምናን እንዴት መከታተል ይቻላል

መጀመሪያ ምርመራው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ አንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ሬቲናውን (በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሊታይ ይገባል፤ ከዚያም በየዓመቱ። «ደህና ይታየኛል» ብሎ መቅረት ትልቁ ጥፋት ነው፤ ጉዳቱ ያለ ሕመም ይገሰግሳልና። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት እይታን ስለሚያደበዝዝ መኪና አይንዱ፤ አጃቢ ይዘው ይሂዱ።

ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ከታዘዘልዎ ምን እንደሚታከም ይወቁ። ለረጅም ጊዜ ከፍ ያለ ስኳር የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያስቆጣል። ነጭ የደም ሕዋሳት በሥሮቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ቪኢጂኤፍ የተባለው ፕሮቲን ይበዛል፣ ሥሮቹም ፈሳሽ ያሾልካሉ። ፈሳሹ ማኩላ (ጥርት ያለ እይታ የሚሰጠው የሬቲና መሃል) ላይ ሲጠራቀም ፊደል ይጣመማል፣ የሰው ፊት ይደበዝዛል።

ቀጥሎ የመድኃኒቱን ዓይነት ይጠይቁ። ራኒቢዙማብ፣ አፍሊበርሴፕትና ቤቫሲዙማብ ቪኢጂኤፍን ያግዳሉ። ቤቫሲዙማብ ለካንሰር የተሠራ ቢሆንም ለዓይን በጥቂት መጠን ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ ዋጋው እጅግ ይቀንሳል። እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ ስቴሮይዶች መቆጣቱን ራሱን ያበርዳሉ፤ ነገር ግን የዓይን ግፊት ሊጨምሩና ሞራ ሊያፈጥኑ ይችላሉ። ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚመጣ የዓይን ነርቭ ጉዳት) ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርቡ ስትሮክ ካጋጠመዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

በዕለቱ ዓይንዎ በጠብታ ይደነዝዛል፣ በአዮዲን ይጸዳል፣ የዓይን ቆቡም በትንሽ መያዣ ተከፍቶ ይቆያል። መርፌው የሚገባው በነጩ የዓይን ክፍል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። የሚሰማዎ በአብዛኛው የመጫን ስሜት ሲሆን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ጥርስ መነቀል ከዚህ ይብሳል ብል ማጋነን አይሆንም።

ማታውን ዓይን ቢቆረቁርና ነጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ቢታይ አይደንግጡ፤ አይሹት ብቻ። ሕመሙ እየባሰ፣ ብርሃን እያስቸገረ፣ እይታ እየቀነሰ ከሄደ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ነገ ሳይሉ በዚያው ዕለት ይመለሱ።

መርፌው ብዙ ጊዜ በየወሩ ይጀመርና እንደ ውጤቱ ይራራቃል። ስኳሩና የደም ግፊቱም አብረው መያዝ አለባቸው። ጥሩ ስለታየዎ ብቻ አያቋርጡ፤ ፈሳሹ ይመለሳል። ገንዘብ ካጠረዎ ቀጠሮ ከመቅረት ይልቅ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ርካሹን መድኃኒት ወይም ሌዘር ሊያስብልዎ ይችላል።