ሪሞት በር እምቢ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የሚደውልልኝ ሰው አብዛኛው የሚለኝ ያው ነው። «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አዲሱ ስንት ነው?» ሄጄ ሳየው ሞተሩ ደህና ነው፤ የታመመው በሩ ራሱ ነው። ስለዚህ የግቢያችሁ ተንሸራታች በር ወይም የጋራዣችሁ በር አልከፈት፣ አልዘጋ ካለ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን እዩልኝ።

ሞተሩን ከበሩ ሳይለዩ ሳጥኑን መክፈት

ይሄኛው በጣም ያንገበግበኛል። በሩ ቆመ ሲባል የሰው እጅ ቀጥታ ካቻቪቴ ፍለጋ ይሄዳል። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሽቦ ይነካካል፣ ሞተሩን በሚያዘው ቦርድ ላይ ያለው ሁሉ ይዞራል። ከዚያ እኔ ስመጣ የመጀመሪያውን ብልሽት ብቻ ሳይሆን ሦስት አዳዲስ ብልሽቶችም አገኛለሁ።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ቁልፍ የሚገባበት እጀታ ወይም ትንሽ ክዳን አለ፤ እሱን ክፈቱት። ያን ጊዜ ሞተሩ በሩን ይለቀዋል፤ በሩም ተራ በር ይሆናል። አሁን በእጃችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግፉት። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ በሩ በራሱ ሊንደረደር ስለሚችል ከፊቱ አትቁሙ።

በአንድ እጅ ተገፍቶ ልስልስ ብሎ ከሄደ በሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩን ወደ ኤሌክትሪኩ ፈልጉ። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ ወይም ትከሻችሁን ካስደገፋችሁ በቀር አልሄድ ካለ ግን ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። እሱ እናንተ በእጃችሁ ያቃታችሁን ነገር ነው በቀን አሥር ጊዜ የሚጎትተው። ይሄ ሙከራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ምንም ዕቃም አይጠይቅም፤ ግን ሳይሞከር ቦርድ ተቀይሮበት፣ ሞተር ተገዝቶበት፣ በሩ እንደዚያው ቆሞ የጠበቀኝ ቤት አለ። ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊተኛው ጎማ ኩሽኔታው ተፈርክሷል። በሩ በዚያ በኩል ዝቅ ብሎ ክብደቱን የሞተሩ ጥርስ ላይ ጥሎታል። የበሩ ጥርስ (በሩ ላይ በርዝመቱ የታሰረው ባለ ጥርስ ብረት) እና የሞተሩ ጥርስ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋቸዋል፤ በሩ በጎማው ላይ እንጂ በሞተሩ ላይ መጫን የለበትም። ጎማው ተቀየረ፣ በሩ ተነሳ። አዲሱ ሞተር የተገዛው በከንቱ ነበር።

ብርዱን አለማሰብ

አንዲት እናት ጠርተውኝ «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያመው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ይድናል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መረጃ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ደንበኛ የለም። ሰዓቱን አስተውለዋል፣ ያስተዋሉትንም ሳይጨምሩ ነግረውኛል። በማግስቱ በማለዳ ሄድኩ። ሀዲዱ ጫፍ ላይ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል። ግቢው ሲታጠብ የተጠራቀመው ውሃ ሌሊቱን ረግቶ ስስ በረዶ ሠርቷል፤ ጎማው እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጥርሱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ግራሶ በእፍኝ ለቅልቆበታል። የበጋው አቧራ ገብቶበት ተቦክቷል፣ ብርዱ አጠንክሮታል፣ በጥፍር ስጭረው እንደ ሰም ይላጣል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ግራሶ ይጠጥራል፣ ባትሪም ጉልበቱ ይደክማል። ጥርሱ ላይ ግራሶ አትቀቡ፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ ይበቃዋል። ዘይት የሚያስፈልገው የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ እሱም ትንሽ። የሀዲዱን የውሃ መውረጃ ክፈቱት። ለእትዬ የሠራሁላቸው ይሄንኑ ነው፤ ሞተራቸውን አልነካሁትም።

ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ችግሩ ሙቀቱ ነው። በሩ ከረፋድ ጀምሮ ደጋግሞ ሲከፈት ሲዘጋ ሞተሩ ይግላል፣ ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ ያጠፋዋል። ሰው ተቃጠለ ብሎ ያዝናል። ጥላ ሥር ከሆነ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ቆይቶ ሲበርድ ይነሳል። ክዳኑ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ከላዩ ትንሽ ቆርቆሮ ማድረግ ብዙ ይረዳል።

በሩ ሲከብድ ኃይሉን መጨመር

ቦርዱ ላይ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምርና የሚቀንስ ትንሽ የሚዞር ማስተካከያ አለ። በሩ መሀል መንገድ ላይ ሲቆም «እስቲ ጨምርለት» ይባላል። ተጨመረ፣ ሄደ፣ ሁሉም ደስ አለው። ግን በሩ የቆመው እንቅፋት ስላገኘ ነበር። ጉልበቱን ስትጨምሩ «እንቅፋት ብታገኝም አትቁም» እያላችሁት ነው። ነገ እንቅፋቱ የልጅ እግር ሊሆን ይችላል። የላሜራ በር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትልቁ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል።

ለጋራዥ በር ጥሩ መፈተኛ አለ። 4 ሴንቲ ሜትር ግድም ውፍረት ያለው ጣውላ መሬት ላይ አጋድማችሁ በሩን ዝጉት። ጣውላውን ሲነካ ወደ ላይ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ እስኪስተካከል ድረስ በሞተር አትዝጉት።

ሴንሰሩን በሽቦ ማለፍ

በሩ ይከፈታል፣ መዝጋት ግን እምቢ ይላል። ይሄ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሴንሰሩ ነው የሚመጣው። በበሩ ግራና ቀኝ ትይዩ የቆሙት ሁለቱ ትንንሽ ዓይኖች ማለቴ ነው። አንዱ በዓይን የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። መሀላቸው የሆነ ነገር ከገባ በሩ አይዘጋም። አቧራ ሲሸፍናቸው፣ መኪና ገጭቶ ሲያጣምማቸው፣ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ በቀጥታ የሚቀበለውን ዓይን ስትመታውም እንደዚሁ።

ከዚያ አንድ «ባለሙያ» ይመጣና ሁለቱን ገመድ አገናኝቶ ሴንሰሩን ያስረሳዋል። በሩ ዘጋ፣ ሒሳብ ተከፈለ። እኔ ይሄን ሥራ አልሠራም፣ «ያስቸግረናል፣ አስወግድልን» ብላችሁ ብትለምኑኝም አልሠራም። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ከጋራዥ በር ሥር እየተያዙ ከሞቱ በኋላ ነው ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራ የበር ሞተር እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ የተገደደው። ያ ዓይን የተቀመጠው ለልጆቻችሁ ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ ይሄው የተገናኘ ሽቦ አገኘሁ፤ ልጆቹ በሩ አጠገብ ኳስ ይጫወታሉ። ሌላ ነገር ሳልነካ ሽቦውን አላቀቅኩ። ከዚያ የሴንሰሩን ክዳን ስከፍት ውስጡ ሸረሪት አድርታለች፤ ድሩ መስታወቱ ፊት ላይ ተወጥሮ አቧራ ይዟል። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ትንሿ መብራት በራች፣ በሩም ዘጋ። ይሄን ለማድረግ እኔን መጥራት እንኳን አያስፈልግም ነበር።

«እም» እያለ የማይነሳ ሞተርን ደጋግሞ መጫን

በ220 ቮልት የሚሠራ ሞተር ድምፅ እያሰማ ካልዞረ፣ በሩም በእጅ ሲገፋ ቀላል ከሆነ፣ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን ትንሽ ዕቃ) ጠርጥሩ። ሪሞቱን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ግን ደህናውን ሞተር በእውነት ታቃጥሉታላችሁ። አዲሱ ካፓሲተር የማይክሮፋራድ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ቮልቱ ደግሞ ከአሮጌው ማነስ የለበትም። ብሬከሩ ጠፍቶም ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ሊመታችሁ ይችላል። አወጣጡን ካላወቃችሁ አትንኩት፤ ከሙሉው ሞተር ጋር ሲተያይ በጣም ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ብታስቀይሩት አትጎዱም።

ፊውዝን በሽቦ መተካት

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፊውዝ ይበጠሳል። በቦታው የመዳብ ሽቦ ከጠመጠማችሁ ቀጥሎ የሚቃጠለው ቦርዱ ነው። ፊውዙ ላይ የተጻፈውን አምፔር አንብባችሁ ያንኑ ግዙ። መብራት ሲሄድ የበሩን ብሬከር ማጥፋት፣ ሲመጣም ትንሽ አቆይቶ ማብራት ጥሩ ልማድ ነው። ባትሪ ያለው ሞተር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዘው 24 ይሰጣሉ፤ ሲያረጁ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ካሰራችሁት አዲሱም ይደክማል።

ሪሞቱ

መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። ሁለተኛው ሪሞት ከሠራ በሩ ምንም አልሆነም። ቦርዱ ላይ ሪሞት የሚያስተዋውቀውን ቁልፍ ግን ዝም ብላችሁ ጫን አድርጋችሁ አትያዙት። ብዙዎቹ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ከተያዘ የቤተሰቡ ሪሞት ሁሉ ይጠፋል። ገበያ ላይ ያለው ኮፒ ሪሞትም ኮዱ በየጊዜው የሚቀያየር በር ላይ ብዙውን ጊዜ አይሠራም፣ ሳትጠይቁ አትግዙ።

የመጨረሻውን ማቆሚያ መተው

ይሄ የበያጁ ሥራ ነው፣ ግን ማንም አያየውም። ተንሸራታች በር በሁለቱም ጫፍ በሩን አንቆ የሚያስቀር የብረት ማቆሚያ ያስፈልገዋል። ሞተሩ የሚያቆምበት ምልክት ቦታው ከተንሸራተተ ወይም በሩን በእጅ ስትገፉት ካለፈ፣ ማቆሚያ የሌለው በር ከላይ ከያዙት ጎማዎች ወጥቶ ይወድቃል። የወደቀ የብረት በር ሰው ይገድላል። ዛሬውኑ ወጥታችሁ እዩት። ከሌለ በያጅ ጥሩ፣ እስኪመጣም ልጆችን አታስጠጉ።

ወደ ላይ የሚነሳ የጋራዥ በርን ስፕሪንግ መነካካት

እዚህ ላይ ደፋር አትሁኑ። ከበሩ በላይ ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ስፕሪንግ የበሩን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው፤ ሁልጊዜም እንደተወጠረ ነው። ብሎኑን የፈታ ሰው እጁን ወይም ፊቱን ሊያጣ ይችላል። በሩ ድንገት ከብዶ ሞተሩ ማንሳት ካቃተው ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ስፕሪንጉን እዩ። መሀሉ ላይ ክፍተት ከታየ ተሰብሯል ማለት ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ስፕሪንጉ ከተሰበረ ደግሞ ሞተሩን የሚያላቅቀውን ገመድ በፍጹም አትሳቡ። በሩን ከላይ የያዘው ሞተሩ ብቻ ነው፣ ስትለቁት በሙሉ ክብደቱ ዘጭ ይላል። ከሥሩ ሰውና መኪና አርቁ፣ ብሬከሩን አጥፉ፣ ስፕሪንግ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።