በረንዳ ላይ የተተከለ ጎመን ሲጠወልግ፦ ችግርና መፍትሔ

በካዛንቺስና በአራት ኪሎ ዙሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳቸው ላይ ጎመንና ቆስጣ የተከሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያሳዩኝ ችግር አንድ ነው፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ተክሉ ፀሐይ ሳያገኘው ገና በጠዋቱ ይጠወልጋል፣ ባለቤቱም የጠማው መስሎት ሌላ ጣሳ ውኃ ይጨምርበታል። የሚገድለው ይኸው ጭማሪ ነው።

ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። አፈሩ ረጥቦ ተክሉ ከጠወለገ ሥሩ አየር አጥቷል። አንዱን ነቅሎ ማየት ጥርጣሬውን ይቆርጠዋል፤ ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ሲሆን የበሰበሰው ግን ቡናማ ነው፣ በጣት ሲስቡት ልጡ ሙልጭ ብሎ ይወጣና መሐሉ እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ያልተበሳ ባልዲ ነው፤ በጆንያ የሚሸጠው «ለም ጥቁር አፈር» ደግሞ ያባብሰዋል። ከዚህ አፈር ብዙው ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ ነውና ለም ቢሆን እንኳ ለባልዲ አይመችም። አንዲት ጎረቤታችን ከሥር ጠጠር ስላደረጉበት መብሳት እንደማያስፈልግ ነግረውኝ ነበር፤ ባልዲውን ስንገለብጠው ጠጠሩ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ከላይ ያለው አፈርም ጭቃ ሆኖ አገኘነው። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም።

ስለዚህ የባልዲውን ሥር አምስት ስድስት ቦታ በትንሽ ጣት ውፍረት ይብሱ፣ በሁለት ጡብ ላይ ያስቀምጡት፣ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ኮምፖስትና ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉ። ነጭ ሥር ያለውን ተክል ብቻ መልሰው ይትከሉ፤ ከዚያ በኋላ የላይኛው አፈር ሳይደርቅ ውኃ አይጨምሩ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከማይመታው ጥግ ያስጠጉት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ቢያጥቡትም አይጠቀሙበት። ያልበሰበሰ ፍግም አያስገቡ፤ ሥር ያቃጥላል።

አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ፣ አፈሩም ቤት ከፈረሰበት ቦታ የመጣ ከሆነ፣ ሲሚንቶና ኖራ ሳይቀላቀሉበት አልቀሩም፤ አፈሩን ይቀይሩ።

ቅጠሉ ከተጨማደደ ጀርባውን ገልብጠው ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) ይፈልጉ፤ ካገኙ አመሻሽ ላይ በቀጭን የሳሙና ውኃ ይጠቡት።

ቲማቲም በክረምት ቅጠሉና ግንዱ እየጠቆረ ከበሰበሰ ነቅለው ያስወግዱት፤ ወደ ኮምፖስቱ አይጨምሩት፣ ሌላ ችግኝም ዝናቡ እስኪያባራ አይትከሉ።