የወላጅዎን ሌሊት ማን ይጠብቃል? በአዳማ የአረጋዊ እንክብካቤን የመመዘኛ መንገድ

አረጋዊ ወላጅ ያለው ቤተሰብ ስለ እንክብካቤ መነጋገር የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በድንጋጤ ነው። እናት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ይወድቃሉ፣ ወይም አባት ለቅዳሴ ብለው ወጥተው ፍራንኮ አካባቢ መንገድ ይጠፋባቸውና በባጃጅ ሾፌር እርዳታ ይመለሳሉ። በዚያው ሳምንት ልጆች ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም በስልክ ይሰባሰቡና አንዱ ሠራተኛ እንቅጠር ሲል ሌላው ማዕከል ይግቡ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ጧሪ ቀባሪ እያላቸው እንዴት ተብሎ!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወላጃችን ሽንት ሲመጣባቸው ማን ይነሣል የሚለው ነው። ለአክስቴ የሚሆን እንክብካቤ በአዳማ ስናፈላልግ በቆየንባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ ቤትም ሆነ ማዕከል ከሁሉ አስቀድሞ በሌሊቱ መመዘን እንዳለበት ነው።

ስለዚህ ማንንም ከመጠየቅዎ በፊት ደብተር ይያዙና የወላጅዎን ሃያ አራት ሰዓት ለሦስት ተከታታይ ቀናት ይመዝግቡ። የጤና ባለሙያዎች የአንድን አረጋዊ አቅም የሚለኩት በስድስት ተግባራት ነው፤ እነርሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠር፣ እንዲሁም መመገብ ናቸው። በየአንዳንዱ አንጻር ብቻቸውን ያደርጉታል፣ በእርዳታ ያደርጉታል፣ ወይም ጨርሶ አያደርጉትም ብለው ይጻፉ፤ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡና በስንት ሰዓት እንደሆነም ይጨምሩ። አክስቴ ቀን ቀን ቡና አፍልተው ጎረቤት የሚያስተናግዱ ሰው ስለነበሩ ብዙ እርዳታ አያሻቸውም ብለን ደምድመን ነበር፤ ደብተሩ ግን በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ እንደሚነሡና ሁለቱን ግድግዳ ተደግፈው እንደሚሄዱ አሳየን።

ምዝገባው የሌሊቱን ነገር ከማሳየቱ ሌላ፣ እርጅና ተብሎ የታለፈ በሽታንም ያጋልጣል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መቀባዠር የመርሳት በሽታ ከመሆኑ ይልቅ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም የአዲስ መድኃኒት ውጤት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ ውሳኔ ላይ ከመድረስዎ በፊት ሐኪም ይያቸው። በእኛ አካባቢ አንድ የተለየ ጉዳይም አለ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንና መገጣጠሚያን እንደሚያደርቅ በወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ ነዋሪዎች ላይ ተጠንቶ የታወቀ ነው፤ ወላጅዎ በወንጂ ሠርተው ጡረታ የወጡ ከሆነና አንገታቸው ወይም ወገባቸው አልታጠፍ ካለ ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወላጅ በቤታቸው ቢቆዩ ብዙ ነገር ይተርፋል። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የሚያውቁት ባለ ሱቅና የለመዱት በር ሁሉ ይቀጥላል፤ እኔም አቅም እስካለ ድረስ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ይሁንና «እንቅጠርላቸው» የሚባለው ነገር በአንዲት ሠራተኛ ትከሻ ላይ ምን ያህል እንደሚጭን አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። በደላላ የመጣች ወጣት ምግብ አብስላ፣ ልብስ አጥባ፣ ቀን ሙሉ ስትሮጥ ውላ ሌሊት አራት ጊዜ ተነሥታ አረጋዊ ልትደግፍ አትችልም፤ ብትችልም ከአንድ ወር በላይ አትቆይም። የቤት ሠራተኛውንና የአስታማሚውን ሥራ ይለዩ፤ የሌሊቱን ተራ ከቤተሰቡ አንዱ ወይም ሌላ ተመላላሽ ሰው ይያዘው። አስታማሚ ሲቀጥሩ ተያዥ መጠየቅና መታወቂያ ማየት የተለመደ ነው፤ እኔ ከዚያ በላይ የምመክረው በእርስዎ ፊት አረጋዊውን ከአልጋ ወደ ወንበር እንድታዛውር መጠየቅ ነው። ሥራውን የምታውቅ ሰው መጀመሪያ ትናገራቸዋለች፣ እግራቸውን መሬት ታስይዛለች፣ ከዚያ ወገባቸውን ትይዛለች፤ የማታውቅ ግን ብብታቸውን ይዛ ትጎትታለች።

ቁስል ማጠብ፣ የሽንት ቱቦ መቀየር ወይም ኢንሱሊን መውጋት ብቻ ከሆነ ያስቸገረው፣ ነርስ በተወሰነ ቀን ቤት ድረስ እየመጣች እንድትሠራ መስማማት በቂ ሊሆን ይችላል። የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ያነጋግሩ፤ የሠፈሩን ነርሶች ታውቃለች።

ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ የበጎ አድራጎት ማዕከላት አሉ። በአገራችን ስሙ የገነነው አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። እንዲህ ያሉ ተቋማት የቆሙት ለወደቀና ሰው ለሌለው ስለሆነ፣ ልጅ ያለው ሰው ወላጁን ወደዚያ ለማስገባት ከማሰቡ በፊት የሌላውን አልጋ እየወሰደ መሆኑን ይወቅ። ደጋፊ የሌላቸው ጎረቤት ካሉዎት ግን በቀበሌው በኩል ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ተገቢው መንገድ ነው።

በክፍያ የሚሠሩ ማዕከላት በቁጥር ጥቂት በመሆናቸው የአዳማ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በፍጥነት መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ቀላል ቢመስልም፣ በየሳምንቱ ማን እንደሚመላለስ ሳይወስኑ ወላጅን እዚያ ማስገባት አደጋ አለው፤ ጠያቂ የሌለው አረጋዊ መጨረሻ የሚታይ አረጋዊ ይሆናል። ማዕከሉን ሲጎበኙ የመጀመሪያው ጥያቄዎ የሠራተኛ ቁጥር ይሁን፤ መልሱንም እንዲሁ አይቀበሉት። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። አንድን ቦታ ቀንና ሌሊት ያለ ክፍተት ለመሸፈን ሦስት ተኩል ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። «21 ሠራተኞች አሉን» ያለዎት ማዕከል በአማካይ በአንድ ሰዓት ላይ ያለው ስድስት ሰው ነው፤ ከስድስቱ ዘበኛውን፣ ወጥ ሠሪዋንና ጽዳቷን ቀንሰው የቀሩትን ለአረጋውያኑ ቁጥር ያካፍሉ። ከዚያም ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ እንደሚያድር ለይተው ይጠይቁ፤ ማደርና ነቅቶ ማደር የተለያዩ ናቸው።

ጉብኝቱን በቀጠሮ ብቻ አያድርጉት። እኛ አክስቴን ያስገባንበትን አንድ ማዕከል ሁለት ጊዜ ያየነው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ አንሶላው ነጭ፣ ግቢው የተጠረገ፣ ቡናውም የተፈላ ነበር። ከገቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳላስታውቅ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ስደርስ እራት ሲታደል አገኘሁ። የቀን ሠራተኞች በጊዜ እንዲወጡ እራቱ ወደ ከሰዓት ተገፍቷል፤ ቁርስ ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ኢንሱሊን የሚወጉት አክስቴ አሥራ ስድስት ሰዓት ያለ ምግብ ይቆዩ ነበር፤ «ሌሊት ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» ሲሉን የከረሙትም ስኳራቸው እየወረደ መሆኑን ያን ዕለት ገባን። ስለዚህ የምግቡን ዓይነት ከመጠየቅዎ በፊት የእራቱንና የቁርሱን ሰዓት ጠይቀው በመካከሉ ያለውን ይቁጠሩ፤ አንድ ጊዜ በእራት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በእሑድ፣ አንድ ጊዜም ከመሸ በኋላ ሳይታሰቡ ይድረሱ። በመሸ ጊዜ በር የማይከፍት ማዕከል የሚሰጠውን ምክንያት ልብ ብለው ያዳምጡ።

እዚያ ሲደርሱ ከሕንጻው ይልቅ የአረጋውያኑን ጥፍር ይመልከቱ። ፊት ማጠብና ነጠላ ማልበስ ለእንግዳ ሲባል ሊደረግ ይችላል፤ የእግር ጥፍር ግን ለእንግዳ ተብሎ አይቆረጥም፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው እግር በየጊዜው መታየቱን ወይም አለመታየቱን ይናገራል። ከአልጋ የማይነሡ ሰዎች ካሉ በየሁለት ሰዓቱ እንደሚገለበጡ ይነገርዎታል፤ የተገለበጡበት ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት ያሳዩኝ ይበሉ። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው በተረከዝ፣ በዳሌና በጀርባ ታችኛው አጥንት ላይ ሲሆን፣ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ሙቀትና ጥንካሬ በመዳሰስ ነው የሚታወቀው። ወላጅዎ ከገቡ በኋላ በየጉብኝቱ ካልሲያቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ይዳስሱ። የመድኃኒቱም አመዘጋገብ እንዲሁ ነው፤ ስም፣ መጠን፣ ሰዓትና የሰጠው ሰው ፊርማ ያለበት ሰሌዳ መኖር አለበት። አንድ መድኃኒት መርጠው ፍሬውን ይቁጠሩና ከሰሌዳው ጋር ያስተያዩት።

ቋንቋ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች በኋላ የተማሩትን ቋንቋ እየጣሉ ወደ አፍ መፍቻቸው ሊመለሱ ስለሚችሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን በአማርኛ የሠሩ የአዳማ አባት በመጨረሻ ውኃ የሚጠይቁት በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በሌሊቱ ተራ ላይ ይህን የሚሰማ ሰው መኖሩን ያረጋግጡ። ጾምንም አስቀድመው ይነጋገሩበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ሳይበሉ ሲቆዩ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚስተካከል ሐኪሙ ይወስን፤ ለእናት የሚነግሯቸው ግን የንስሐ አባታቸው ወይም የሚያከብሯቸው ሼኽ ቢሆኑ ይሻላል፤ ከልጅ ይልቅ እነርሱን ይሰማሉ።

የቤቱን አሠራር በተመለከተ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ገብተው ራስዎ ይቀመጡ፤ ለመነሣት የሚይዙት ብረት ካጡ ወላጅዎም ያጣሉ። በሩ ተሽከርካሪ ወንበር ለማሳለፍ 80 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያስፈልገዋል። ውኃ ሲጠፋ የሚበቃ ሮቶ፣ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቦታ መኖሩን ይጠይቁ፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ምሕረት የለውም። አረጋዊ ሰው ጥም በደንብ ስለማይሰማው ውኃው በራስጌው ተቀምጦ እጁ የሚደርስበት መሆኑን ይመልከቱ። በሌሊት ቢታመሙ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ በምን መኪና፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱም ይጠይቁ፤ «ባጃጅ እንጠራለን» የሚል መልስ፣ ተኝቶ ብቻ መሄድ ለሚችል ሰው መልስ አይሆንም።

ፈቃዱን ሳይተው ይመልከቱ። ሕክምና የሚሰጥ ከሆነ ከጤና ቢሮ፣ በበጎ አድራጎት የተቋቋመ ከሆነ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ውሉ ውስጥ ክፍያው ምን ምን እንደሚሸፍን በዝርዝር ይጻፍ፤ በቀን አራት ዳይፐር የሚጠቀሙ ሰው በወር 120 ያስፈልጋቸዋል፣ ይህ በክፍያው ውስጥ ካልተካተተ ርካሽ የመሰለው ማዕከል ውድ ይሆናል። ሆስፒታል ሲተኙ ማን እንደሚያስታምም፣ ቢወጡ ቀሪው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስም ይግባበት። ስለ ዕረፍታቸውም ሳያፍሩ ይነጋገሩ፤ ማን በየትኛው ስልክ እንደሚጠራ፣ የሰበካ ጉባኤ ክፍያቸው የት እንደሚከፈል ወይም በእስልምና ሥርዓት ሳይዘገይ እንዴት እንደሚቀበሩ፣ የእድራቸውንም ወርኃዊ መዋጮ ማን እንደሚቀጥል ይወሰን።

የጡረታ ገንዘባቸውንና ሌላ ጉዳያቸውን የሚያንቀሳቅስ ውክልና አእምሯቸው ሙሉ ሳለ መሰጠት አለበት፤ መርሳቱ ከጠና በኋላ የተደረገ ውክልና በወንድማማቾች መካከል ክርክር ይጎትታል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፉ ከሆነ ደብተሩ ማዕከሉ ባለበት አካባቢ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ አስቀድመው ያጣሩ።

በመጨረሻም ወላጅዎን ራሳቸውን ወስደው ያሳዩዋቸው፤ ከተቻለም ለሁለት ሳምንት ሙከራ ይግቡ፣ የለመዱትን ስኒና ትራስም ይዘው ይሂዱ። በገቡበት ቀን ይመዘኑና ከአንድ ወር በኋላ ይደገም፤ በአንድ ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከመቶ አምስት የቀነሰ፣ ማለትም ከ60 ኪሎ ሦስት ኪሎ የጎደለ ከሆነ፣ ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። ቤታቸውን ግን ቢያንስ ለሦስት ወር ሳያከራዩ ያቆዩላቸው፤ እኛ ያከራየነው በሁለተኛው ሳምንት ስለነበር አክስቴ ከማዕከሉ ሲወጡ የገቡት በእኔ ሳሎን ነው።